ከግንቡ ጀርባ

ጎርፉ ዶሮ ማነቂያ ሰፈርን ጠርጎ ሲያልፍ ጋሽ አስገዶምን ወሰዳቸው፤ አስከሬናቸውም ጠፋ። ፈላጊዎች ወንዙን እስከ ታች ወርደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሚስታቸው እትዬ ለተክርስቶስም "ሬሳው ሳይገኝ ድንኳን አይተከልም" አሉ።

ጎረቤታቸው ኤዶም አምስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ምህንድስና ታስተምራለች። የዝናቡን መጠን፣ የወንዙን ቁልቁለት፣ የቤቱንና የአጥሩን አቀማመጥ አስገብታ የዚያን ቀን ጎርፍ በኮምፒውተር መልሳ ሠራችው። ስክሪኑ ላይ ውሃው ሲነሳ፣ ሲሽከረከር፣ ሲጎድል ይታያል፤ ጊዜውን ወደፊትም ወደኋላም መሳብ ይቻላል። ጋሽ አስገዶም መጨረሻ የታዩበትን የአጥር በር ስትነካው ውሃው ሰውን ሊወስድ የሚችልበትን መንገድ የሚያሳዩ ቀያይ ነጠብጣቦች ከዚያ ተነስተው ከውሃው ጋር ነጎዱ። አብዛኞቹ በድልድዩ ስር አልፈው ጠፉ። ጥቂቶቹ ግን ወንዙ ዳር ካለ የፈረሰ ግንብ ጀርባ ገብተው ሲዞሩ ቆዩና ውሃው ሲጎድል እዚያው ቀሩ።

የሰፈሩ ወንዶች አካፋ ይዘው ወረዱ። ጋሽ አስገዶምን ከግንቡ ጀርባ፣ ከደለሉ ስር አገኟቸው።

ከቀብሩ ማግስት እትዬ ለተክርስቶስ ጥቁር እንደለበሱ ኤዶም ቢሮ መጡ።

"አሳይኝ ጓለይ፣ ልጄ። ውሃው እንዴት አድርጎ እንደወሰደው ልየው።"

"ይቅርብዎ እትዬ።"

"ቀበርኩት እኮ፤ ከዚህ የባሰ ምን አለ?"

ኤዶም ከፈተችላቸው። እስከ መጨረሻው አዩ። ከዚያ ጣታቸውን ዘረጉ።

"ይቺ ቤታችን ናት? ከአጥሩ በር ሳይሆን ከመኝታ ክፍሉ ቢነሳስ ኖሮ?"

ኤዶም ለብቻዋ ሞክራው ስለነበር መልሱን ታውቃለች። "የቤት ውስጡን በደንብ አያሳይም" ብላ ዋሸች።

አላመኗትም። ራሳቸው መኝታ ክፍሉን ነኩት። ነጠብጣቦቹ ክፍሉ ውስጥ ቀስ ብለው ዞሩ፤ ውሃው ወገብ ድረስ መጥቶ ጎደለ። አንዱም ከበሩ አልወጣም።

"እኔ ነኝ ውጣ ያልኩት" አሉ እትዬ ለተክርስቶስ። "እሱማ አልጋው ላይ ቆሞ ነበር። 'ቤቱ ሳይናድብህ ውጣ!' ብዬ ከጎረቤት ደረጃ ላይ ሆኜ ጮህኩበት።"

ኤዶም 'ሊናድ ይችል ነበር እኮ' ልትላቸው አሰበች። ቤቱ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል።

"ለልጆቹ እንዳትነግሪብኝ።"

"አልነግርም እትዬ።"

ኤዶም ደግፋ እስከ ሰፈር አደረሰቻቸው። ልጆቻቸው ከለቀስተኛው መሃል ተነስተው ቦታ ለቀቁላቸው። ሴቶቹ ሟችን እያነሱ ሙሾ ሲያወርዱ፣ እትዬ ለተክርስቶስ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።