እምቢ የማይባል ሹመት

እንግሊዝኛ የተማርኩት በልጅነቴ ሱዳን ውስጥ፣ ኡም ራኩባ የሚባል የስደተኞች ካምፕ ነው። ያኔ ምን እንደሚጠቅመኝ አላውቅም ነበር፤ ሳላውቀው ብቀር ይሻለኝ ነበር። ገዳሪፍ ሰሊጥ ገበያ ቁጭ ብዬ የተቀደደ ጆንያ ስሰፋ፣ ደብዳቤ የደረሰው ሐበሻ ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። አነባለሁ፣ እተረጉማለሁ፣ ከዚያ ወደ መርፌዬ እመለሳለሁ።

ባንታምላክም እንደ ሌላው ሰው ደብዳቤ ይዞ መጣ። እንደ ሌላው አልኩ እንጂ እሱስ እንደ ሌላው አልነበረም። ከመተማ ቆላ የመጣ ጆንያ ተሸካሚ ነው። አራት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ፉሉን ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ካንድ ሳህን እንበላለን። እወደው ነበር። አልነገርኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። ሴት ልጅ ቀድማ አትናገርም ብዬ ተኮፍሼ ቁጭ አልኩ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ምን እንደምጠብቅ እንጃ።

«እናትዬ፣ ይህን ጀዋብ እስቲ እይልኝ» ብሎ ደብዳቤውን ጭኔ ላይ አኖረው።

ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ነው። እህል ሲያራግፍ ሐቀኝነቱን አይተው ፋው ከተማ ላለው መጋዘን ኃላፊ አድርገውታል። ልቤ ስንጥቅ አለ። የሱዳኑ ጦርነት ከመጣ ወዲህ ሐበሻ ያለ መንገድ ፈቃድ ከከተማ ከተማ አይንቀሳቀስም፤ ፋው የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።

«ምን ይላል?»

«አፖይንትድ ይላል። ተሹመሃል።»

«ሹመት? እኔ?»

«አንተ። ቃሉ ለዳኛም ይባላል፣ ለሚኒስትርም፣ ለመጋዘን ኃላፊም። ለቀን ሠራተኛ ግን አይባልም።»

ጓደኞቹ ሰምተው ኖሮ «ሹመት ያዳብር!» እያሉ ከበው ትከሻውን ሳሙት። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ የተሾመን ሰው ይፈልግ አይፈልግ ማንም አይጠይቀውም። ይመረቃል፣ ይሄዳል። ባንታምላክም ፈገግ አለላቸው። ያ ፈገግታ አናደደኝ።

እነሱ ሲበተኑ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እምቢ ማለት ይቻላል?»

«ሹመት እምቢ ያለ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?»

«እኛ ዘንድማ የለም። ፈረንጆቹ ዘንድ ማለቴ ነው። ወረቀቱ ስለዚያ የሚለው ነገር የለም?»

አለ እንጂ። ከፊርማው በላይ፣ ቦታውን የማይፈልጉት ከሆነ እስከ ሐሙስ ያሳውቁን ይላል። አንብቤዋለሁ። ግን መሄድ ካማረው ይሂድ፣ እኔ ነኝ ለምኜ የማስቀረው? አልኩ በሆዴ። ደብዳቤውን አጥፌ ሰጠሁት።

«ምንም አይልም።»

«እርግጠኛ ነሽ፣ እናትዬ?»

«ካላመንከኝ ሌላ ሰው ዘንድ ወስደህ አስነብበው!»

ሌላ ሰው ዘንድ አልወሰደውም። ቅዳሜ ድርጅቱ በላከው መኪና ተሳፍሮ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓትን ጠላሁ። ፉል እገዛለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ከጉሮሮዬ አልወርድ ይለኛል። ጆንያ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር ቀና እላለሁ። ሳቁ ናፈቀኝ፣ ላቡ ናፈቀኝ፣ የሳህኑን ዘይት ያለበትን ወገን ወደ እኔ ማዞሩ ናፈቀኝ። እንዳልደውልለት ደግሞ ኔትወርኩ ተቋርጦ ወሬው ሁሉ ጠፋ። አንዳንድ ቀን መርፌው ጣቴን ሲወጋኝ ሰበብ አገኘሁ ብዬ አለቅሳለሁ።

በሦስተኛው ወር ስልኬ ጮኸ። ባንታምላክ ነው። ጤናዬን ጠየቀኝ፣ ገበያውን ጠየቀኝ።

«እዚህ ፅገ የምትባል ጸሐፊ አለች» አለኝ በኋላ። «ደብዳቤዬን አነበበችው። እስከ ሐሙስ እምቢ ማለት ይቻላል የሚል አለበት አለችኝ። እውነት ነው?»

መዋሸት አቃተኝ። «እውነት ነው።»

«አይተሽው ነበር?»

«አይቼው ነበር።»

ስልኩን የዘጋው መስሎኝ ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። አልዘጋውም።

«እኔኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አትሂድ ትይኛለሽ ብዬ ነው ደጋግሜ የጠየቅሁሽ።»

የገበያው ሰው ሁሉ እያየኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ግድ አልሰጠኝም።

«አትሂድ» አልኩት፣ ከሄደ ሦስት ወር ሆኖት።