እያወሩ መሮጥ

ባሌ እንዲሮጥ የተፈቀደለት እያወራ ከሮጠ ብቻ ነው። ሐኪሙ ይህን ሲናገር ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን አሳቀዎት?» አለኝ።

«ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ ተቀምጦም አያወራ!»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ከሦስት ወር በፊት፣ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጋር እሑድ እሑድ በሚጫወትበት «የጤና ቡድን» ሜዳ ላይ ደረቱን ይዞ ወደቀ። የልቡ ደም ሥር ተዘግቶ ኖሯል። በእጁ አንጓ በኩል ገብተው ስቴንት የሚሏትን፣ ከእስክሪብቶ ስፕሪንግ የምትቀጥን የሽቦ ቱቦ አስቀመጡለትና ተረፈልኝ። አሁን ወደ ኳሱ መመለስ አማረው። ሐኪሙም ለጊዜው በሶምሶማ ይጀምር አለ፤ እየሮጠ ማውራት ከቻለ ልቡ አልተጨነቀችም፣ ካቃተው ይቁም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ወገብ ስለካ የሰውን የቤት ጣጣ ሳልሰማ ሜትሬን አልጠቀልልም። እሱ ደግሞ ቶርኖ ማሽን ላይ ብረት ሲቀርጽ ውሎ ማታ «ደህና ዋልሽ?» ካለኝ የዕለቱን ወሬ ጨረሰ ማለት ነው። ጓደኞቹ «ቁልፉ» ይሉታል።

አንድ ነገር ግን ሦስት ወር ሙሉ ሲከነክነኝ ነበር። ያኔ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሐኪሙ «ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ቀደም ብሎ ምልክት ይሰጣል» ሲል ባሌ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ለምን ጣሪያውን አየ? አሞት ደብቆኝ ነበር? ያኔ ከደበቀኝ ነገም ይደብቀኛል፤ ነገ ከደበቀኝ ደግሞ እዚያው ሜዳ ላይ አጣዋለሁ። ይህን ሳላውቅማ ኳስ የሚባል ነገር እንደማይነካ ለራሴ ማልኩ።

በመጀመሪያው ቀን አብሬው ወጣሁ። አወራዋለሁ፣ በዚያውም እጠይቀዋለሁ ብዬ። ገና የሰፈራችንን ሜዳ አንዱን ጥግ ሳንዞር ትንፋሽ አጠረኝ። አፌን ከፍቼ ቃል ሲጠፋኝ አየና ሳቀ።

«የልብ ሐኪም የሚያስፈልገውስ ለአንቺ ነው» አለኝ።

የምመልስበት አቅም የለኝም። ማውራት ግዴታ ስለሆነ እሱ ቀጠለ። ስለቱ የደነዘዘ ብረት ቶርኖው ላይ ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ ነገረኝ። በማግስቱ ደግሞ፣ ሳንጋባ በፊት ሦስት ጊዜ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሱሪው ረዝሞበት እንዳልነበረ ነገረኝ። «በሦስተኛው እኮ ቁምጣ ሊሆን ምንም አልቀረው» አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህንን የት ደብቆት ኖረ? ጉድ እያልኩ ከኋላው ኩስ ኩስ እላለሁ። በየማለዳው ዛሬ ደግሞ ምን ያወጣ ይሆን እያልኩ ቀድሜው እነሳ ጀመር።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ሳልጠይቀው፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ተናገረ።

«ከመውደቄ በፊት ሃያ ቀን ያህል ያመኝ ነበር። ደረጃ ላይ ስቆም የጫማ ክር የማስር እመስል ነበር።»

«ለምን... ደበቅከኝ?» ከዚህ በላይ ትንፋሽ አልነበረኝም።

«ኳሱን ትከለክይኛለሽ ብዬ።»

ደሜ ፈላ። ለኳስ ብሎ እኔን መበለት ሊያደርገኝ! ሜዳው ላይ ጥዬው ወደ ቤት ገባሁ። ሁለት ቀን አላናገርኩትም፤ እሱም አልሮጠም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በር ላይ ስኒከሩን አድርጎ ቆሞ ሲጠብቀኝ አንጀቴ አልቻለም፣ ወጣሁ።

ያን ቀን ሁለተኛውን ዙር ጀምረን ስለ ቡድናቸው ፈሪ በረኛ እያወራ ድንገት ቆመ።

«ቆይ» አለኝ። «ደረቴን ወጋ አረገኝ።»

ታክሲ እንዴት እንዳስቆምኩ አላውቅም። ሆስፒታሉ ውስጥ ነርሷ ደረቱ ላይ የልብ መመርመሪያ ገመዶችን እየለጠፈች «መቼ ጀመረዎት?» ስትለው፣ እንደ ልማዴ ልቀድመው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ሰዓቱን አየ። «ከሃያ አምስት ደቂቃ በፊት። እዚህ ጋ። ወዲያው ነገርኳት።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ነርሷ «አይዞዎት እናቴ፣ አይፍሩ» አለችኝ። ፈርቼስ ነበር። ያስለቀሰኝ ግን ፍርሃቱ አልነበረም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እሱ በታመመበት ሰዓት የኔ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ሐኪሙ የልቡን ምርመራም የደሙን ውጤትም ሁለት ሁለት ጊዜ አይቶ፣ ልቡ ደህና ነው፣ የተወጋው የደረት ጡንቻ ነው አለን። ባሌ ሸሚዙን ሳይቆልፍ «ኳሱስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ከወር በኋላ፣ ቀስ ብለው፣ ቤተሰብ ካልተቃወመ» አለና ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ።

«ይጫወት» አልኩ፣ አፍንጫዬን እየጠረግሁ።