በርበሬ የነካው ካባ

በናቡል ከተማ፣ ከባሕሩ ዳር በማይርቀው ሰፈር፣ ሰዎች በአክብሮት «ላላ» የሚሏቸው የአሮጊቷ የዘሊኻ ቤት ሥርዓት ከጎረቤቶቹ ሁሉ ይልቅ የጠበቀ ነበር። ከስንዴ ዱቄት የሚዘጋጀው የዓመቱ ኩስኩስ በሐምሌ መጀመሪያ፣ በአንድ ቀን፣ በቤቱና በዘመድ ሴቶች እጅ ይሠራል፤ በሰገነቱ ላይ ይደርቅና ወደ ዕቃ ቤት ይገባል። በዚያ ቀን የመጀመሪያውን ወንፊት የምትነፋው የታላቁ ልጅ ሚስት ናት፤ እርስዋ ሳትጀምር ማንም እጁን ወደ ገበቴው አያስገባም። የታላቁ ልጅ ሚስት ዶርሳፍ ግን ጠበቃ ነበረችና ሦስት ዓመት ተከታትሎ ያን ቀን ችሎት ውላለች። ወንፊቱን በእርስዋ ፈንታ የነፋችው የባልዋ ወንድም ሚስት ሉብና ነበረች።

አማቷ ላላ ዘሊኻ አልተቆጡም። ተቆጥተው ቢሆን ለዶርሳፍ በቀለላት፤ ቁጣን መመለስ ሥራዋ ነውና። እርሳቸው ግን አንድ ቀን እራት ላይ፣ ዓሣውን ከአጥንቱ እየለዩ፣ በተረጋጋ ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«ዘንድሮም የማይመችሽ ከሆነ ንገሪኝ ልጄ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለሉብና እሰጣታለሁ። ቅያሜ የለውም። ቁልፍ የሚይዝ ሰው ቤት መገኘት አለበት፣ ሌላ ምንም አይደለም።»

ባልዋ ረዑፍ ዓይኑን ከሳህኑ አላነሣም። የሰባት ዓመት ልጅዋ ኢናስ ግን እናትዋን ትክ ብላ ታይ ነበር። ዶርሳፍም በልጅዋ ፊት፣ ዘንድሮ የመጀመሪያው ወንፊት የእርስዋ እንደሚሆን ቃል ሰጠች።

ቃሉን በሰጠች በሳምንቱ የልብስ ሰፊዋ የመብሩካ ጉዳይ ለሁለተኛ ጊዜ ተቀጠረ፤ ቀጠሮውም በዚያው በኩስኩሱ ቀን ላይ ዋለ። ፍርድ ቤቱ ለዕረፍት ከመዘጋቱ በፊት እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚሰማበት የመጨረሻው ቀን እርሱ ነበር። የመብሩካን ሱቅ ከመታሸግ ያቆየው ዕግድ በሐምሌ መጨረሻ ያበቃል፤ ፍርድ ቤቱ የሚከፈተው ደግሞ በመስከረም ነው። ጉዳዩ በዚያ ቀን ካልተሰማ፣ ሱቁን ያከራያት ባለቤት ይቆልፈዋል፤ መብሩካም የሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋን በደጃፍ ላይ ታገኘዋለች። ለመብሩካም ቃል ተሰጥቷት ነበር። ሰው ለሁለት ወገን ቃል ሲሰጥ ቀኖቹን አስቀድሞ መቁጠር ይገባዋል፤ ዶርሳፍ ግን ሁለቱንም ቃል የሰጠችው ከልብዋ ስለ ነበር መቁጠርን ረሳች።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጥቁር ካባዋን አጥባ በሰገነቱ ገመድ ላይ አሰጣችው፤ ጠበቃ ያለ ካባ አይሰማምና። በማግስቱ ጠዋት ካባውን የያዘውን ቦርሳ ያቀበሏት ላላ ዘሊኻ ራሳቸው ነበሩ። እርስዋ ሳትጠይቅ ካባውን ከሰገነት አውርደው፣ አጥፈው፣ አስገብተውላታል። ዶርሳፍ በዚህ ደግነት ተገረመች፤ አሮጊቷ ዓይኗን ለማየት አለመፈለጋቸውን ግን እንደ ኩርፊያ ቆጠረችው። እስከ ቀትር ጸሎት እንደሚጠብቋት፣ ከዚያ በኋላ ግን የመጡትን ሴቶች ማስቀመጥ ነውር እንደ ሆነ ነገሯት። እርስዋም እጃቸውን ስማ ወጣች።

በዚያ ፍርድ ቤት ጠበቆች ተራ የሚይዙት በዕድሜያቸው ሳይሆን በጥብቅና በቆዩበት ዘመን ነው። የሱቁ ባለቤት ጠበቃ ሻዝሊ፣ በአክብሮት ሲ ሻዝሊ የሚባሉት፣ አርባ አንድ ዓመት በሙያው ስለ ቆዩ፣ ጉዳዩ ከሁሉ አስቀድሞ እንደሚጠራ የታወቀ ነበር። የሚያስፈራው መጠራቱ ሳይሆን የሚከተለው ንግግር ነበር። ሲ ሻዝሊ ስለ አንድ ሱቅ ለመናገር ሲነሡ የከተማይቱን አመሠራረት ያስቀድማሉ፤ ንግግራቸው ከሁለት ሰዓት ያነሰበትን ቀን የሚያስታውስ ጸሐፊ የለም።

ያን ቀን ችሎቱ ዘግይቶ፣ ቀትር ሊቃረብ ሲል ሊሰየም ሳለ፣ ሽማግሌው ዶርሳፍን በኮሪደሩ አገኟትና ክንዷን ይዘው ወደ መስኮቱ ወሰዷት።

«ዛሬ ኩስኩስ የምትሠሩበት ቀን እንደ ሆነ ባለቤቴ ነግራኛለች» አሉ። «እኔ ቀጠሮ ይሰጠኝ እላለሁ። አንቺ አልቃወምም በይ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቤትሽ ነሽ። ልናገር ካልሽ ደግሞ… ታውቂኛለሽ እንግዲህ።»

ለዶርሳፍ አንዲት ቃል ብቻ ትበቃ ነበር፤ ለዚያውም ማንም የማይወቅሳት፣ ጠበቆች በየቀኑ እርስ በርስ የሚለዋወጧት ቃል። ወንፊቱ፣ ቁልፉ፣ የልጅዋ ዓይን በፊቷ ቆሙ። መብሩካ በአግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ከሱቅዋ በቀጥታ ስለ መጣች የመለኪያ ሜትሯ ገና ከአንገቷ አልወረደም። ንግግሩን ሰምታ ኖሮ ተነሥታ፣ ጠበቃዋን በማዕረግዋ እየጠራች ቀረበች።

«ኡስታዛ፣ የቤትዎ ቀን ከሆነ ይሂዱ። እኔ እታገሣለሁ፤ መታገሥ ለምጃለሁ።»

«እርስዎ ቢታገሡ ዕግዱ አይታገሥም» አለች ዶርሳፍ፤ ወደ ሽማግሌውም ዞራ፣ «ሲ ሻዝሊ፣ ይናገሩ። እኔም እመልሳለሁ» አለቻቸው።

ክፉ ነገርን በግልጽ መቃወም ቀላል ነው፤ በትሕትና የቀረበ ምቾትን እንቢ ማለት ግን የሚከብድ ነገር ነው። ዶርሳፍ ይህን ካደረገች በኋላ ወደ ችሎቱ ገባች፤ ገብታም ካባዋን ከቦርሳው አውጥታ ለበሰች።

በመጀመሪያ ያስነጠሰው ጸሐፊው ነበር። ቀጥሎ በፊተኛው ወንበር የነበሩ ሁለት ጠበቆች አከታተሉ። ዶርሳፍ ዓይኗ ሲያቃጥላት ክንዷን አየች፤ በጥቁሩ ጨርቅ እጥፋት ሁሉ ቀይ ዱቄት ተኝቶበታል። ከአምና የተረፈው የተፈጨ በርበሬ እንዳይነቅዝ በሰገነቱ ላይ መሰጣቱ፣ ማታ ማታም ከባሕሩ በሚነሣው ጤዛ ምክንያት በጨርቅ መሸፈኑ ትዝ አላት። የጠዋቱ ደግነት ከየት እንደ መጣ ያን ጊዜ ገባት። ልታወልቀው ስትል ግን ጉዳያቸው ተጠራ።

ሲ ሻዝሊ ከአጠገቧ፣ በአንድ ክንድ ርቀት ቆሙ። ከከተማው መዝገብ ቤት የሚመጣ ሰነድ ስላለ ለመስከረም እንዲቀጠርላቸው ጠየቁ። ዳኛዋ መዝገቡን ገልጠው፣ ለዚሁ ሰነድ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ እንደ ተሰጠ፣ ሦስተኛ እንደማይኖር፣ ክርክራቸውንም ባላቸው ማስረጃ እንዲያሰሙ አዘዙ። ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰብስበው ናቡል ከመመሥረቷ ጀመሩ፤ የሸክላ ሠሪዎቹን ሰፈር ሳይጨርሱ አስነጠሱ። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና አስነጠሱ። የከተማይቱን ግንብ ዘለሉት። የጥንቱን የኪራይ ሕግ ጠቅሰው ወደ አዲሱ ሲሻገሩ አምስት ጊዜ አከታተሉ። በመጨረሻ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ እንደ ያዙ፣ ተከራይዋ ሱቁን ከአራት ወር በላይ ዘግታ በመጥፋቷ ኪራዩ እንደ ፈረሰ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ተቀመጡ። ጸሐፊው የግድግዳውን ሰዓት አይቶ አላመነም፤ ስምንት ደቂቃ ነበር።

የዶርሳፍ ተራ ሲደርስ እንባዋ በጉንጮቿ ይወርድ ነበር። ዳኛዋ ጥቂት ማረፍ ትፈልግ እንደ ሆነ በርኅራኄ ጠየቋት።

«እንባ አይደለም፣ ክብርት ዳኛ፤ በርበሬ ነው። ካባዬ ሰገነት ላይ አድሮ ነው።»

ዳኛዋ ፊታቸውን በመዝገቡ ከለሉ፤ ሲገልጡትም ፊታቸው ቀልቶ ነበር። «እንዲህ ያለው ምክንያት በናቡል ማስረጃ አያሻውም። ይቀጥሉ።»

ችሎቱ ሳቀ፤ ሲ ሻዝሊም አብረው ሳቁ። ዶርሳፍ ግን ንግግሯን አላስረዘመችም። መብሩካ ባልዋ በሞተ ጊዜ፣ በሃይማኖቷ ሥርዓት ባልዋ የሞተባት ሴት ሁሉ እንደምታደርገው፣ አራት ወር ከዐሥር ቀን በቤቷ መቀመጧን ተናገረች። የስፌት መኪናዋ ከሱቁ አልወጣም፤ የደንበኞቿ ጨርቅ በመደርደሪያው ነበር፤ ባለቤቱም ራሱ ለቅሶ ደርሶ ነበር። ለቅሶ የደረሰ ሰው፣ ሐዘንተኛዋ የት እንዳለች አላውቅም ሊል አይችልም ብላ ደመደመች። ዳኛዋ ውሳኔው ችሎቱ ሲነሣ እንደሚነበብ አስታወቁ። መብሩካም ውሳኔውን ለመስማት ሁለት ጆሮ እንዳላት ተናግራ፣ ጠበቃዋን ወደ በሩ ገፋቻት።

ዶርሳፍ የቤቷን በር የከፈተችው የቀትር አዛን ሲሰማ ነበር። ሴቶቹ በግቢው ጥላ ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ ገበቴው ደረቅ፣ ወንፊቱ ንጹሕ ነበር።

«ነይ እስቲ ገላግይን» አለች ሉብና። «ዱቄቱን እንኳ አላስነካ አሉን። ከጠዋት ጀምሮ እጃችንን አጣምረን፣ «አማን አማን» የሚለውን ዘፈን ሁሉ ጨረስነው፤ ያልዘፈንነው ያንቺን ስም ብቻ ነበር።»

ላላ ዘሊኻ ቀስ ብለው ተነሡ። «ዳኛዋ ምን አሉ?»

«ዳኛዋስ ሳቁ። ያስነጠሱት ሲ ሻዝሊ ናቸው።»

አሮጊቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ሲመሽ በርበሬውን ስሸፍን ካባሽ አሮጌው ጥቁር ጨርቅ መሰለኝ። ጎሕ ሲቀድ እጅጌውን አየሁት። ሦስት ጊዜ አራገፍኩት ልጄ። ልነግርሽ ነበር፤ ፊትሽን ሳይ አፈርኩ። ዛሬ ባትመጪ እስከ ማታም እጠብቅሽ ነበር።»

«ላላ፣ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የሲ ሻዝሊን ንግግር ያሳጠረ ሰው አልተገኘም ነበር» አለች ዶርሳፍ፤ እጇን ታጥባም ወንፊቱን አነሣች። ኢናስ ከጎኗ ተንበርክካ ጠርዙን ያዘችላት። የመጀመሪያው ዱቄት በገበቴው ላይ ወረደ፤ የሁሉም እጅ ተከተለው።

መብሩካ የመጣችው ሰገነቱ በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ፣ ኩስኩሱ እየተሰጣ ሳለ ነው። ደረጃውን ሮጣ ስለ ወጣች ለመናገር ትንፋሽ አጠራት፤ የሱቅዋን ቁልፍ ብቻ ከኪስዋ አውጥታ አሳየች። ሴቶቹ እልል አሉ። ላላ ዘሊኻ ከአጠገባቸው አስቀመጧትና፣ መዳፏን ገልብጠው አይተው፣ ይህ እጅ ኩስኩስም ያውቃል ብለው ፈረዱላት። እርስዋ ግን አስቀድማ ዓይኗን የጣለችው ገመዱ ላይ በተንጠለጠለው ካባ ላይ ነበር፤ አጥባ፣ የተፈታውን ስፌት ሰፍታ እንደምትመልሰው አስታወቀች።

ወደ ማታ አሮጊቷ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከወገባቸው ፈትተው ለዶርሳፍ ሰጡ። ሰጥተውም ጠየቁ።

«ፍርድ ቤታችሁ በየዓመቱ የሚዘጋው መቼ ነው?»

ዶርሳፍ ቀኑን ነገረቻቸው። ከዛሬው ቀን አራት ቀን ብቻ ይርቃል።

«ታዲያ ከርሞ ፍርድ ቤቱ በተዘጋ ማግስት እንሠራለን። ፀሐዩ እንደሆነ ያው ነው።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀ አልነበረም፤ ዶርሳፍም ሳትጠየቅ ተናግራ አታውቅም። ሁለቱም ይህን አሰቡና በርበሬውን ከጤዛው ለመሸፈን ተነሡ። ኢናስ ነጭ አንሶላ አቀበለቻቸው።