አራት መቶ አሥራ ሁለት መስመር

የውሃ ማጣሪያው ዋና ታንከር ሞልቶ የፈሰሰው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ውሃው የዕቃ ግምጃ ቤቱን በር ገንጥሎ ገባ፣ የኬሚካል ከረጢቶቹን አበሰበሰ፣ የአጥሩንም አንድ ጎን ጠራርጎ ወሰደ። ከሰዓት በኋላ ጥፋተኛው ተገኝቷል ተባለ፤ ፓምፕ ተቆጣጣሪው።

እኚህ ሰው በዚያ ግቢ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ባልደረቦቻቸው «አባ ቀስ» ይሏቸዋል፤ ሻይ ሲያማስሉ እንኳ ስኳሩ እስኪሟሟ ሰው ይሰለቻል። የጣቢያው ኃላፊ በጻፈው ሪፖርት ላይ ግን ከሥራ ቦታቸው ርቀው ጉዳት አደረሱ የሚል ሰፈረ። ሰውዬውን ባልዋሉበት አዋሏቸው። ከማሽኑ ፊት ንቅንቅ እንዳላሉ ቢምሉ ቢገዘቱ የሚሰማቸው ጠፋ። ጡረታ ለመውጣት አሥር ወር ቀርቷቸው ነበር።

ሪፖርቱ የፕሮግራመሯ ፊርማ ብቻ ቀረው። ፓምፖቹን የሚያስነሳና የሚያቆመውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። ኃላፊው ፕሮግራሙ እንከን እንደሌለበት እንድታረጋግጥ በትሕትና ጠየቃት። ሰውየው እንዲህ ነው፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ።

«ሳላይ አልፈርምም» አለችው።

«ስክሪኑን እዪው እንግዲህ። ዘጠና በመቶ ሲሞላ ይቆማል ይላል።»

ይላል። ግን ስክሪን እንዲያሳይ የታዘዘውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ፕሮግራሙ ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ተለዋዋጮች አሉ፤ እያንዳንዱ ስም አለው፣ በስሙ ሥር ደግሞ አንድ ዋጋ ይዟል፤ የውሃው ከፍታ፣ የቫልቩ ሁኔታ፣ ፓምፑ የሚቆምበት ልክ። ስክሪኑ ላይ የሚወጡት ሠላሳ አይሞሉም። የቀሩትን ለማየት ሁሉንም ከነዋጋቸው ወደ አንድ የጽሑፍ ፋይል ማውጣት ያስፈልጋል፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ወደሚያነበው ተራ ጽሑፍ።

ኃላፊው ይህን ሲሰማ ትሕትናው ረገፈ። ከማሽኑ አንዲት መረጃ እንዳትወጣ ብሎ ከለከላት። ክልከላውን በደብዳቤ ስጠኝ አለችው፤ አልሰጣትም።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ አባ ቀስ ቢሮዋ ድረስ መጡ። በእሳቸው ምክንያት ሥራዋን እንዳታጣ ለመኗት።

«ተዪው ልጄ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«እያደር እስኪጠራ እርስዎ ጡረታዎን ያጣሉ ጋሼ። እኔ አልጠብቅም።»

ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል ወርዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች፤ ተደብቃ ሠራች እንዳይባል። ጥቂት መስመር ትእዛዝ ጻፈች፤ ከመጀመሪያው ተለዋዋጭ ጀምር፣ ስሙን ጻፍ፣ የእኩል ምልክት አድርግ፣ ዋጋውን አስከትል፣ ወደ ቀጣዩ ሂድ። በመጀመሪያው ሙከራ ፋይሉ ስሞቹን ሁሉ ባዶ አራት ማዕዘን አድርጎ አወጣቸው። ፊደሎቹን እንዴት መጻፍ እንዳለበት ስታስተካክልለት ግን ተራ በተራ ጥርት ብለው ወረዱ።

ሁለት መቶ ሰባተኛው መስመር «የማሳያ ልክ = 90» ይላል። ከሥሩ «የማቆሚያ ልክ = 99»። ቀጥሎም «የመጨረሻ ለዋጭ = 01»። ዜሮ አንድ የኃላፊው መግቢያ ቁጥር ነው። በዋዜማው እንግዶች መጥተው ነበር፤ ታንከሩ ጢም ብሎ እንዲታይላቸው ፈልጎ ኖሯል። ፓምፑ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ቢቆምም፣ በቧንቧው ውስጥ የቀረው ውሃ ገፍቶ ሲገባ ታንከሩ ሞልቶ ፈሰሰ።

ፕሮግራመሯ የማሳያውን መስመር ደግማ አነበበችው። ስክሪኑ እውነተኛውን ቁጥር ትቶ ሌላ እንዲያሳይ ያደረገችው ራሷ ነበረች፤ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ለመጨረስ ስትጣደፍ። ፋይሉ እሷንም አልማረም። ቢሆንም አተመችው።

የጣቢያው ቦርድ በማግስቱ ሲሰበሰብ ወረቀቱን አስቀመጠች፤ የራሷን ጥፋት አስቀድማ ተናገረች። ኃላፊው ሳቅ አለ።

«ይሄ እኮ ጽሑፍ ነው። ተማሪ ልጅም ቁጭ ብሎ ሊተይበው ይችላል።»

ሰብሳቢዋ አንገታቸውን ነቀነቁ። ነገሩ እውነት ነበር።

«ልክ ብሏል» አለች ፕሮግራመሯ እየተነሣች። «ማሽኑን ከትናንት ጀምሮ የነካው የለም። እንውረድና ዓይናችሁ እያየ ይውጣ። አዝራሩን ራሱ ይጫን።»

ወረዱ። ኃላፊው አልጫንም አለ። አባ ቀስ መነጽራቸውን አጥልቀው ወደፊት መጡና በአንድ ጣታቸው፣ እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው፣ ተጫኑ። ሰብሳቢዋ ሦስቱን መስመሮች ጮክ ብለው አነበቡ። ቦርዱ ሪፖርቱን ውድቅ አደረገ።

አባ ቀስ ሥራቸው ላይ ቆዩ። ኃላፊው ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወረ፤ ይቅርታ ያለ ግን የለም። ለፕሮግራመሯ ስለ ስክሪኑም፣ ያለ ፈቃድ መረጃ ስለማውጣቷም ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ስለ ስክሪኑ የተጻፈውን ተቀበለች፤ ሁለተኛውን ግን «አልቀበልም» ብላ ጽፋበት መለሰችው።

ስክሪኑን አርማ፣ ፋይሉ በየፈረቃው ማብቂያ ራሱ እንዲጻፍና እንዲታተም አደረገች። አዲሱ ኃላፊ በሁለተኛ ሳምንቱ ጠርቶ፣ ወረቀቱ ከእንግዲህ ወደ እሱ ቢሮ ብቻ እንዲመጣ አዘዛት።

«የሚሠሩበት ፓምፕ ተቆጣጣሪዎቹ ናቸው» አለችው። «ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። እርስዎም መጥተው ማንበብ ይችላሉ።»