ክሮሙ ሲለቅ

ዳባሶ ቁጭ ማለት የማያውቅ ሰው ነበር። ሾፌር ከሆነ በኋላማ ባሰበት። ነጌሌ ገብቶ ጭነቱን ሳያራግፍ ስለሚቀጥለው ጉዞ ያወራል። ምሳውን ቆሞ ይበላል። ሚስቱ ቦጋለች፣ «አንተ ሰውዬ፣ እግርህ ሥር እሳት አለ እንዴ?» ትለው ነበር። እንግዲህ ይህን ሰው ነው በ1964 ዓ.ም. ጥር ላይ ቀኝ እግሩን ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጄሶ ጠቅልለው፣ «ሦስት ወር እንዳትንቀሳቀስ» ብለው ደጃፉ ላይ ያስቀመጡት።

አደጋው የደረሰው ከሜጋ ጨው ጭኖ ሲመለስ ነው። የዳዋን ወንዝ ተሻግሮ ዳገቱን ሲያያዘው መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ተገለበጠ። እሱ እግሩ ተሰብሮ ተረፈ፤ ረዳቱ ሞሉ ሞተ። ሞሉ በዕድሜ ይበልጠዋል፤ አሥራ አንድ ዓመት አንድ መኪና ላይ አብረው ሠርተዋል። ዳባሶ ለፖሊስ የሰጠው ቃል አጭር ነበር። «ፍሬን እምቢ አለኝ። ሞሉ ጭነቱ ላይ ተኝቶ ነበር፤ መኪናው ሲገለበጥ ሥር ገባ።» ቃሉ ተጻፈ፣ ፈረመ፣ ለሚያዝያ ተቀጠረ።

ከዚያ ወዲህ ደጃፉ ላይ ሆኖ መንገዱን ያያል። መኪና ባለፈ ቁጥር ደህናው እግሩ ሳያዝዘው መሬቱን ይረግጣል። የወደራ መኪና ነው፣ የፊልቱ መኪና ነው፣ ማርሹ አልገባም፣ ይሄ ሰው ሞተሩን ገደለው እያለ ያጉረመርማል። ቦጋለችን በትንሽ በትልቁ ይቆጣታል። እንቅልፍም እምቢ አለው።

ጄሶውን እየመጡ የሚያዩለት ድሬሰር፣ አቶ ቢረሳው፣ አንድ ቀን በብብታቸው የካርቶን ሳጥን ይዘው መጡ።

«እዚህ ያስተምር የነበረው ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ክሊኒክ ጥሎት የሄደ ነው» አሉት። «መኪና ነው። ብትንትን ብሎ ነው ያለው፤ አንተ ትገጥመዋለህ።»

«ጋሼ ቢረሳው፣ እኔን የልጅ መጫወቻ?»

«የልጅ አይደለም። እኔ ሁለት ቀን ታግዬ የትኛው የት እንደሚገባ እንኳ አላወቅሁም። በዚያ ላይ ሚስትህ አቤት ብላለች። እሷን ከመነዝነዝ ይሄን ነዝንዝ።»

ሳጥኑ ላይ አፍንጫው የረዘመ የአሜሪካ የጭነት መኪና ተሥሏል። ውስጡ እንደ ቅርንጫፍ በተያያዘ ፕላስቲክ ላይ የተንጠለጠሉ ጥቃቅን ዕቃዎች አሉ፤ ሻንሲ፣ አክስል፣ መሪ፣ የበር እጀታ ሳይቀር። መከላከያው፣ የነዳጅ ጋኖቹ፣ የጭስ ማውጫው፣ የመብራቶቹ ዙሪያ በክሮም ተለብጠው እንደ መስታወት ያበራሉ። ዳባሶ መጀመሪያ ገፋ አደረገው። እሳቸው እንደሄዱ መልሶ ሳበው።

ማጣበቂያው ቱቦው ውስጥ ደርቆ ነበር። ትርፉን ፕላስቲክ ቆራርጦ ትንሽ ቲነር ውስጥ ሲከተው ሟሙቶ እንደ ማር ወፈረለት፤ እሱን በእንጨት ጫፍ እየነካ መግጠም ጀመረ። በሦስት ቀን ሞተሩ ቆመ። በሳምንቱ አፍንጫውን በምላጭ ቆርጦ አሳጠረው። ለምን እንዳሳጠረው ቦጋለች ስትጠይቀው፣ «እንዲህ ያለ አፍንጫ ይዞ የዳዋን መታጠፊያ አይዞርም» አላት። ቀለሙንም የመረጠው ሳያስብ ነው። አልጋው ሥር ካለው ጣሳ ያንኑ የሚነዳውን መኪና የቀባበትን ሰማያዊ የዘይት ቀለም አስወጣ። ከላም ጭራ ፀጉር ብሩሽ አሰረ። የሚሠራው የአሜሪካን መኪና እንዳልሆነ እጁ ከእሱ ቀድሞ አውቆታል።

ክሮሙ ግን አስቸገረው። እሱ የሚነዳው መኪና እንዲህ አብርቶ አያውቅም። መከላከያው ድሮ የተቀባ ጥቁር ነበር፣ ያውም አቧራ የጠጣ። ክሮሙ ላይ ጥቁር ቀባበት፤ በማግስቱ በጥፍሩ ሲነካው ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። በቤንዚን ጨርቅ ቢያሸው አንዱ የነዳጅ ጋን ፊቱ ተጨማደደ። በምላጭ ቢፍቀው ጫረው። ሁለት ቀን ሙሉ እንደዚህ ተበሳጨ። ያን ብልጭታ ሳያስለቅቅ እንደማይተኛ ገባው፤ ነገሩ ለምን እንዲህ እንዳንገበገበው ግን ለራሱም አልገባውም።

ቀለም ምን ያስለቅቃል? ይህን ማንም ሾፌር ያውቃል። የፍሬን ዘይት ያንጠባጠበበት የጎማ መሸፈኛ፣ ፓራፋንጎው፣ ቀለሙ ተነሥቶ ብረቱ ያፈጣል።

«ቦጋለች» ብሎ ተጣራ። «ከመኪናው ያመጡልኝ የመሣሪያ ሣጥን የታለ? ውስጡ የፍሬን ዘይት ቆርቆሮ አለ። አምጪልኝ።»

አመጣችለት። ቆርቆሮው ሙሉ ነው፣ ክዳኑ አልተከፈተም። ዳባሶ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ብዙ ጊዜ አየው።

አደጋው በደረሰበት ዕለት፣ ከወንዙ ወዲያ ማዶ ለውኃ በቆሙበት፣ ሞሉ መኪናው ሥር ገብቶ ወጥቶ፣ «የኋላው ጎማ ውስጡ ርሷል። የፍሬን ዘይት ነው። አጥብቀን እንሙላው» ብሎት ነበር። ዳባሶ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። «ነጌሌ ስንደርስ» አለው። ከዚያ በኋላ ሞሉ ከጭነቱ ላይ ሆኖ የጋቢናውን ጣራ ሁለት ጊዜ ደበደበ። አቁም ማለቱ ነው። ዳባሶ አላቆመም። የሚያስቸኩለው ነገር አልነበረም፤ ጨው አይበላሽም፤ የሚጠብቀውም ሰው አልነበረም። ዝም ብሎ መቆም አይወድም፣ በቃ።

ዳገቱ መሐል ማርሽ ሊቀንስ ሲል ሳተው። መኪናው ቆመ፣ ከዚያ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ፍሬኑን ረገጠ፤ እግሩ እስከ ወለሉ ወረደ። «ታኮ! ሞሉ፣ ታኮ!» ብሎ ጮኸ። ሞሉ የተኛ ሰው አልነበረም። ከጭነቱ ላይ ዘሎ፣ ጎማ የሚያስደግፉበትን የእንጨት ሽብልቅ ከመንጠቆው ነጥቆ፣ ወደ ኋለኛው ጎማ ሮጠ። ታኮውን ከጎማው ኋላ ጣለው። ለአንድ ትንፋሽ ያህል መኪናው ቀጥ አለ። ከዚያ ጠጠሩ ከዳ፤ መኪናው ዞሮ ሞሉ በቆመበት በኩል ወደቀ።

ዳባሶ ክዳኑን በመዶሻ ከፈተው። ሲኒ ውስጥ ቀዳና ክሮም የተለበጡትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ነከራቸው። በማግስቱ ብልጭታው ተሸብሽቦ፣ ጥጥ ሲያስነካው እየተገፈፈ ለቀቀ። ሥሩ ቢጫ ቅብ ነበር፤ እሱም በሁለተኛው ቀን ወጣ። በመጨረሻ ተራ ግራጫ ፕላስቲክ ሆነ። በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ ጥቁር ቀባው። ቀለሙ ያዘ። እሱ ግን አላረፈም። ቀለም ቀብቶ ሲጨርስ የክብሪት እንጨት ጠረበ፤ ጠርቦ ሲጨርስ ጣለው፤ ጥሎ መልሶ አነሣው።

የሞሉ ሚስት ዲንኪቱ በየገበያው ቀን ትጠይቀው ነበር። ከከተማው ዳር ካለው መንደር ወተት ይዛ ትመጣለች፤ ሐዘኗን ሳትጨርስ የሰው በሽተኛ ታያለች። ይሄ ደግነቷ ነው ዳባሶን ከስብራቱ በላይ ያመመው። የዚያን ቅዳሜ እንደ ወትሮዋ «አካም ዳባሶ? ናጋ?» ብላ ገባች።

«ናጋ» አላት፤ ጨርቁን አንሥቶ መኪናውን ሊሸፍን ሲል ግን እጁ ዘገየ።

ዲንኪቱ ጎንበስ አለች። «ይሄ የእናንተ ነው» አለች በቦረንኛ። «ሰማያዊውም። ይሄኛው የተጣመመ በርም።» ከዚያ፣ «ሞሉ የት ላይ ነበር?» አለችው።

ዳባሶ ጣቱን ወደ ጭነቱ ዘረጋ። እዚህ ተኝቶ ነበር ሊል ነው። ስንት ጊዜ ያለው ነገር ነው፤ ለፖሊስ ብሎታል፣ ለባለመኪናው ብሎታል፣ ለቦጋለች ብሎታል። ጣቱ ጭነቱ ላይ አላረፈችም። ወርዳ ከኋለኛው ጎማ ኋላ ቆመች።

«እዚህ» አላት። «ቆሞ ነበር።»

«ተኝቶ ነበር አላልክም?»

«ዋሽቼ ነው። አልተኛም። አቁም ብሎኝ ነበር፣ አላቆምኩም። መኪናው ሲያመልጠኝ ታኮ ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ዘሎ ወርዶ ታኮውን አስገባ። ሊሸሽ ይችል ነበር፤ አልሸሸም።»

ዲንኪቱ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ ደጋግማ ሰበሰበች። «ስንት ጊዜ አቁም አለህ?»

«ሦስት ጊዜ። አንዴ ወንዙ ላይ፣ ሁለቴ ጣራውን ደብድቦ።»

«ወንድሙ ምን እንደሚል ታውቃለህ? ጣዲቻ ምን እንደሚል? ታኮ መጣል የረዳት ሥራ ሆኖ ሳለ የሰው ነፍስ በእጁ ይዞ ተኛ፣ ዳባሶን አሰበረው፣ ራሱን አስገደለ ይላል። ስሙ ሲነሣ ምራቁን ይተፋል። እኔ ደግሞ ያንን ሰምቼ፣ ከዚያ ተነሥቼ፣ ላንተ ወተት አመጣለሁ።»

ወጥታ ሄደች። ዳባሶ ክራንቹን ይዞ ሊከተላት ተነሣና ደጃፉ ላይ ወደቀ። ቦጋለች እያነሣችው፣ «ሁሉንም ሰምቻለሁ» አለችው እንጂ ሌላ አልጨመረችም፤ ሳምንቱንም በሙሉ ከምግብ በቀር አላናገረችውም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ዲንኪቱ ጣዲቻን አስከትላ መጣች። ጣዲቻ ሽማግሌ ነው፣ ረጅም፣ በትሩን ሁለት እጁ ላይ ጥሎ የሚቆም። አልተቀመጠም።

«ለኔ የነገርከኝን ንገረው» አለች ዲንኪቱ።

ነገረው። ከወንዙ ጀምሮ፣ ምንም ሳያስቀር ነገረው። ትንሿን መኪና ወለሉ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ እየገፋ አሳየው፤ የክብሪት ታኮዋን ከጎማው ኋላ አስቀመጠ። ጣዲቻ በትሩን እንደያዘ ቁልቁል አየ።

«እኔ ወንድሜን ሰድቤ ነው የቀበርኩት» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ከፍ አላለም። «ይሄን አንተ ነህ ያደረግከው። እግርህ ይዳን፤ እግርህን አልረግምም። ግን ይሄንኑ፣ አንድ ቃል ሳታጎድል፣ ዳኛ ፊት ትለዋለህ።»

«እላለሁ።»

«ባትል እኔ እመጣለሁ።»

እስከ ሚያዝያ የነበሩትን ሳምንታት ዳባሶ እንዴት እንዳለፋቸው ቦጋለች ናት የምታውቀው። ጄሶው ተፈታ፤ እሱ ግን ገና ሳይጠና በክራንች ግቢውን ይዞራል፤ መኪናዋን አፍርሶ እንደገና ይገጥማል፤ መብራቶቹን ነጭ ቀብቶ መልሶ ይፍቃል። አቶ ቢረሳው ወሬውን ሰምተው አንድ ቀን መጡና፣ «ጠበቃ የሚያውቅ ሰው ልፈልግልህ? የመጀመሪያው ቃልህ ያድንሃል፤ አሁን የምትለው ያሳስርሃል» አሉት።

«አውቃለሁ ጋሼ። የመጀመሪያው ቃል ግን እንኳን ሊያድነኝ ሊያስተኛኝም አልቻለም።»

በቀጠሮው ቀን የአውራጃው ፍርድ ቤት ጠባብ ክፍል በሰው ሞላ። ዳባሶ መኪናዋን በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። ዳኛው ቃሉን ካነበቡ በኋላ የሚጨምረው እንዳለ ጠየቁት።

«ክቡር ዳኛ፣ ያ ቃል ውሸት ነው» አለ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «የምትናገረው ባንተ ላይ ማስረጃ እንደሚሆን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

ጠረጴዛው ላይ አድርጎ እንዲያሳይ ፈቀዱለት። አንድ መዝገብ በሌላ መዝገብ ላይ አስደግፎ ዳገት ሠራ፤ መኪናዋን አወጣት፤ ለቀቃት። ስትንሸራተት ጸሐፊው ሳያስበው እጁን ሰደደ። ዳባሶ፣ «ሞሉም እንዲሁ ነው ያደረገው» አለ። ከኋላ አንዲት ሴት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ዞሮ አላየም፤ ማን እንደሆነች ግን አውቋል።

ስምንት ወር ተፈረደበት፤ መንጃ ፈቃዱም ለሁለት ዓመት ተያዘ። መዝገቡ ላይ «ሟች በሥራው ላይ ንቁ ሆኖ ሳለ» የሚል ቃል ተጻፈ። ጣዲቻ ያንን ቃል ጸሐፊውን ለምኖ ሁለት ጊዜ አስነበበው፤ ከዚያ ዳባሶን ሳያናግር በትሩን አንሥቶ ወጣ።

እስር ቤት ዲንኪቱ አንድ ጊዜ ብቻ መጣች፤ ሐምሌ ላይ። ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ሰላምታም አላቀረበች።

«አንድ ነገር ሳልጠይቅህ ቀረ» አለችው። «ምን አለ? መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

ዳባሶ አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ። «ታኮውን ሲያስገባ መኪናው ቆመ፤ ትንሽ። ያን ጊዜ 'ያዝኩት!' አለ። ደስ ብሎት ነበር። ድምፁ ደስ የሚል ነበር።»

ዲንኪቱ አንገቷን ነቀነቀች። ፈገግታ የመሰለ ነገር ፊቷ ላይ መጥቶ ጠፋ። «ጥጃ ሲይዝም እንደዚያ ነው የሚለው» አለች። ከዚያ ሄደች፤ ተመልሳም አልመጣች። ይቅር አልኩህ አላለችውም፤ እሱም አልጠየቃትም። ከአደጋው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያን ቀን ከሰዓት ግንብ ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው፤ ጠባቂው ለቆጠራ ሲቀሰቅሰው የት እንዳለ ጠፍቶት ነበር።

ፈቃዱ በ1966 ሲመለስለት የፊልቱን መስመር ያዘ። ከብት ነጋዴዎቹ እየረገሙት ነው የሚሳፈሩት። ዳገት በደረሰ ቁጥር ያቆማል፤ ሞተሩን ያጠፋል፤ ወርዶ እያንዳንዱን ጎማ ዞሮ በእጁ ይዳብሳል። «ኧረ በዋቃ፣ ንዳ!» ይሉታል። እሱም ተንበርክኮ እንዳለ፣ ሥጋው እንደ ድሮው ሂድ ሂድ እያለው፣ «ቆይ» ይላል። «ቆይ፣ ገና ነው።»