የእንጨቷ መርከብ ሙሾ

ሮማነወርቅ ደረቷን ልትመታ ያነሳችው እጅ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ወደ ድንኳኑ የገባው እንግዳ እግሮቹን ከፈት ከፈት አድርጎ ነው የሚራመደው። እንደዚያ የሚሄድ ሰው ጂንካ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ዛሬ የሚለቀስለት ልጇ፣ ባሕረኛው ወንድይፍራው ነው። ለእረፍት በመጣ ቁጥር ሰፈርተኛው «መሬቱ ይወዛወዛል እንዴ?» እያለ ይስቅበት ነበር።

እንግዳው እንደ ወጉ ጎንበስ ብሎ አለቀሰ። «ጎሳዬ እባላለሁ፣ የቀይ አፈር ከተማ ልጅ ነኝ» አለ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሀብተ ማርያም ከምሰሶው ሥር ተቀምጦ ንፍሮ ይቆረጥም ነበር። መቆርጠሙን አቆመ። «ከሟች ጋር በምን ትተዋወቃላችሁ?»

«በትምህርት ቤት ነው፣ ጓድ።»

የሊቀመንበሩ ዓይን ከእንግዳው እግር ላይ አልተነሳም።

ዕለቱ ሠልስት ነበር። ምጽዋ መውደቋ ከተሰማ በኋላ ከሰሜን የተመለሰ አንድ ቁስለኛ «መርከቦቹ ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ» ብሎ ተናገረ፤ ሽማግሌዎች ከትናንት በስቲያ ማልደው መጥተው ለሮማነወርቅ መርዶውን ነገሯት። አስከሬን የለም። አልጋው ላይ የተዘረጋው ነጭ የደንብ ልብሱ ብቻ ነው።

ለቀስተኞቹ «ነፋስ ይንካት» ሲሉ ጎሳዬ ቀድሞ ክንዷን ደግፎ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰዳት። ከፊታቸው በአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ከብቶች ይግጣሉ።

«እማማ፣ ድምፅ እንዳያሰሙ» አለ ጆሮዋ ሥር። «የሞተችው መርከቧ ናት። ወንድይፍራው በሕይወት አለ።»

ወደ ድንኳኑ ልትሮጥ ዞረች። አጥብቆ ያዛት።

«መርከቧ ተመትታ ስትሰጥም ዓሣ አጥማጆች አነሱን። እኔ አሰብ ወረድኩ። እሱ ግን ‹ከእንግዲህ ወደ ጦርነት አልመለስም› ብሎ ከእነሱ ጋር የመን ተሻገረ። እኔም ከአሰብ ጠፍቼ ነው የመጣሁት። ይህ ከታወቀ እሱ ከሃዲ ይባላል፣ እርስዎን ያስሩዎታል፣ እኔን ይረሽኑኛል። ስለዚህ ልቅሶውን ይቀጥሉ።»

«በቁሙ?» አለች። «የቆመ ልጄን?»

በሕይወት ላለ ሰው ስሙን እየጠሩ ሙሾ ማውረድ ሞቱን መጥራት ነው። እናቷ እንዲህ ብላ አሳድጋታለች፣ እሷም ከልቧ ታምናለች። እስከ ትናንት የጠራችውን ሳታውቅ ነው፤ እግዜር ይቅር ይላታል። እያወቀች ግን በየትኛው አፏ?

«እትዬ ሮማነ፣ ነፋሱ አይበቃሽም?» አለ ሀብተ ማርያም ከውስጥ።

ተመልሳ ከልብሱ ፊት ተንበረከከች። አልቃሿ አየለች ግማሹን በአሪ ቋንቋ፣ ግማሹን በአማርኛ አውርዳ ስትጨርስ ፊቷን ወደ እናትየዋ አዞረች። ድንኳኑ ሁሉ የእሷን ድምፅ መጠበቅ ጀመረ። ሮማነወርቅ በነጩ ልብስ ላይ ዓይኗን ተከለች።

መጨረሻ ለእረፍት የመጣ ጊዜ ደጃፉ ላይ ቆሞ «እማዬ፣ አንገትሽ ላይ ያሠርሽውን የበር ቁልፍ አውልቂ! ብረት ይዘሽ አትቅረቢኝ!» ብሎ ቀልዶባት ነበር። ከዚያ ስለ መርከቧ አጫወታት።

«የእኛዋ እንጨት ናት። ባሕር ውስጥ ያለው ፈንጂ ብረት ሲያልፍበት ይፈነዳል። እኛ በእንጨቷ ቀድመን እንለቅመዋለን፤ ሌሎቹ በጠረግነው መንገድ ይከተሉናል።»

«መንግሥት ብረት አጥቶ ነው በእንጨት የሚሰዳችሁ?» ብላ ዕንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

እሱም ሳቀ፣ ግን መርከቧን እንደ አሮጊት አክስት ነበር የሚያከብራት። ሆላንዶች ሠርተው ሲገለገሉባት ኖረው በንጉሡ ዘመን ወደ ምጽዋ መጣች። በሰባ ዓመተ ምሕረት ከተማዋ ስትከበብ ዱቄት ከጫኑት መርከቦች ፊት ፊት የምትሄደው እሷ ነበረች። ኋላ መለዋወጫ ጠፋ፤ የፈንጂ መልቀሚያዋን ነቅለው መትረየስ ጠመዱባት። «ያን ቀን አፈርኩላት» አለ ወንድይፍራው፣ ያኔ አልሳቀም። «እሷ መንገድ ልታበጅ እንጂ ሰው ልትገድል አልተሠራችም። እኔም እንደዚያው።»

ሮማነወርቅ ቀና አለች። ለሞተ ሰው በቅሎውም ጠመንጃውም በሙሾ ይነሳል፤ ባሕረኛ ደግሞ ያለው መርከብ ነው። መርከቧ እንደሆነ በእርግጥ ሞታለች።

*የእንጨት ደረቷን ይዛ፣ ብረት እንኳ ሳትለብስ፣*
*ፈንጂ ላይ ትሄድ ነበር፣ ለሌላው ሰው ልትደርስ።*

*ከባሕር ማዶ መጥታ፣ ከሰው አገር ተገዝታ፣*
*ለሌላው መንገድ ጠርጋ፣ ራሷ ቀረች ተመትታ።*

ሴቶቹ ተንሰቀሰቁ። ጎረቤቷ ተናኜ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ አለቀሰች። ሮማነወርቅም የምሯን አነባች፤ ልጇን ተሸክማ የኖረች አሮጊት መርከብ አሳዘነቻት።

«ቆዩ እስቲ» አለ ሀብተ ማርያም። ልቅሶው ቀስ በቀስ ረገበ። «እትዬ ሮማነ፣ ትናንት ስሙን እየጠራሽ መሬት ላይ ስትንፈራፈሪ ነበር። ይህ ሰውዬ ከመጣ ወዲህ መርከብ፣ መርከብ ብቻ። ልጅሽን ምነው ረሳሽው?»

ጎሳዬ የድንኳኑን ገመድ ጨብጦ ቆሟል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ሮማነወርቅ አየችው። የዚህም እናት ቀይ አፈር ተቀምጣ መንገድ መንገዱን ታያለች።

ተነሳች። ነጩን ልብስ አንስታ ደረቷ ላይ አጣብቃ ጮኸች።

«ወንድይፍራው! ወየው ልጄ! ወየው የእኔ ሟች!»

ደጋገመችው፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ። በእያንዳንዱ ጥሪ ልጇን በገዛ አፏ የገደለችው መሰላት። ማስመሰል አላስፈለጋትም።

ሀብተ ማርያም ኮፍያውን አወለቀ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። «የእኔም ልጅ እዚያው ሰሜን ነው» አለ ለማንም ሳይሆን፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድንኳኑ ፈረሰ። ጎሳዬ ከቀይ አፈር ለቀስተኞች ጋር ተቀላቅሎ ሄደ። ተናኜ «አብሬሽ ልደር» ብትላት ሮማነወርቅ እምቢ አለች።

ብቻዋን ስትቀር «ብረት ይዘሽ አትቅረቢኝ» ያላት ትዝ አላት፤ መዶሻ ፈልጋ የበሩን ብረት መቀርቀሪያ ከነምስማሩ ነቀለችው። ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀችና ሁለቱንም አርቃ ከጓሮ ጣለቻቸው። ከዚያ ገብታ በሩን ገጠም አደረገችና፣ ከውጭ የመጣ እጅ በቀላሉ ሊፈታው በሚችል ክር አሰረችው።