በጓሮ በር የሚገባ ስንቅ

ገና ሲቃረብ የናዝሬት ገበያ ጠባዩ ይለወጣል። ቅቤው ውስጥ ሙዝ ይታሻል፣ በርበሬው ውስጥ የሸክላ ዱቄት ይነፋል፣ ዶሮዋንም ከበድ እንድትል ማለዳ አሸዋ የገባበት ጤፍ ያጎርሷታል። ጉዲቱ ይህን ሁሉ ታውቃለች። እዚያው ገበያ ዳር ከሰል ስትሸጥ ነው ፀጉሯ የሸበተው። ዶሮ ስትገዛ ክንፏን ሳታይ መጀመሪያ ማንቁርቷን ነው የምትዳብሰው። የሰፈሩ ሴቶችም ለበዓል ሲሸምቱ እሷን ሳያስከትሉ አይወጡም ነበር፤ ምላሷን አይወዱትም እንጂ ዓይኗን ያምኑታል።

በሰባው ዓመተ ምሕረት ገና ግን ስለ ቅቤ ያሰበ የለም። ያ ዓመት ቀበሌው ከየቤቱ ልጅ የለቀመበት ዓመት ነው። የጉዲቱንም ታናሽ ወንድም ወሰዱባት። ቀነዓ ቀን ጋራዥ የሚሠራ፣ ማታ የሚማር ልጅ ነበር። እናታቸው ገና ሕፃን ሳለ ስለሞተች አጥባ ባታሳድገውም አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። በጥቅምት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ከሚስቱ ከውዴ ጎን አንስተው ሲወስዱት ጉዲቱ ከሰል ልታመጣ መቂ ወርዳ ነበር። ስትመለስ ያገኘችው የተገለበጠ አልጋና የደረሰች እርጉዝ ነው።

እስር ቤቱ ከከተማው ዳር ነው። በር ላይ ያለው ዘበኛ «ምርመራ ላይ ላለ ሰው ስንቅ አይገባም» ብሎ መለሳቸው። ደግሞ መጠየቅ ራስን ማስጠቆም ነው፤ ጠይቃ እዚያው የቀረች ሴት አለች ይባል ነበር። ስለዚህ ማንም አልጠየቀም።

አምባዬ የመጣው ያኔ፣ ኅዳር ሲገባ ነው። የወታደር ካፖርት የሚለብስ፣ ድምፁ የለሰለሰ፣ ሴቱን ሁሉ «እናት ዓለም» የሚል ሰው። «አጎቴ እስር ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው፣ በጓሮ በር አስገባላችኋለሁ» አለ። ለራሱ ምንም አይፈልግም፤ ለዘበኞቹ ማለዘቢያ ብቻ፦ ከቀበሌ የተገኘች ስኳር፣ ሳሙና፣ ያረጀ ሹራብ። ስንቁን ይወስዳል፣ በማግስቱ ባዶውን ሳህን ከመልእክት ጋር ይመልሳል። ውዴ ባዶ ሳህን ባየች ቁጥር ቀነዓን ያየች ያህል ትሆን ነበር። በዚህ መሃል ሴት ልጅ ወለደች። ሳህኑን አቅፋ ነው አራስ ቤት የከረመችው ቢባል ውሸት አይደለም።

አንድ ቀን አምባዬ ሳህን ሊመልስ ሲመጣ ጉዲቱ ጓዳ ሆና ከሰል ትከሰክስ ነበር። ወሬያቸው ይሰማታል።

«እንዴት ሆኖልኛል?» አለች ውዴ። «ሳሉ ለቀቀው?»

«ሳሉማ… አዎ፣ ቀለል ብሎታል።»

«ደረቱን ነበር የሚያመው።»

«እሱኑ እኮ ነው የምልሽ፣ ደረቱን ያዝ አርጎ ነው ያናገረኝ።»

«መውለዴን ሰማ?»

«ሰማ! እንባው ነው የመጣ።»

«ሴት መሆኗንስ? እሱ እንኳ ሴት ነበር የሚመኘው።»

«‹እንደተመኘኋት መጣችልኝ› አለ። እንዳለ ነው የነገርኩሽ፣ እናት ዓለም።»

ጉዲቱ ከሰሉን ተወችው። ጥያቄውም መልሱም የሚወጣው ከውዴ አፍ ነው። ሰውየው ከዚያች ልጅ የተቀበለውን መልሶ ለዚያችው ልጅ እያጎረሳት ነው። አሸዋ እንደምትጎርሰው ዶሮ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ውዴ ራሷ አሸዋውን አቀባይ መሆኗ ብቻ ነው።

 ጉዲቱ ነገር ሲገባት ቶሎ አትናገርም፤ ትመዝናለች። የሚቀጥለውን ስንቅ «እኔ ልሥራ፣ አንቺ ልጅሽን አጥቢ» አለችና ምስር ወጥ ሠራች። ከዚያ ጨው ጨመረች። አንድ እፍኝ ጨመረች፣ ሌላም ደገመች። ብትቀምሰው ምላሷን አኮማተራት፤ ውሻ እንኳ አፍንጫውን አዙሮ የሚሄድበት ወጥ ነው። በጾሙ፣ ምስር እንደ ወርቅ በሚመዘንበት ጊዜ እንዲህ ያለ ብክነት ነውር ነው። ግን ሸፍና ለአምባዬ ሰጠችው።

በማግስቱ ሳህኑ ታጥቦ መጣ።

«ምን አለ?» አለችው ጉዲቱ ራሷ ብቅ ብላ።

«‹ዛሬስ የማን እጅ ነው፣ ጣት ያስቆረጥማል› አለ፣ እናቴ። ለገናም ዶሮ ብትልኩልኝ፣ ጋቢም ቢገኝ ብርዱ ከብዶኛል ብሏል።»

ኋላ እንደተሰማው ሰውየው የሁሉንም ቤት ወጥ በአንድ በርሜል እየገለበጠ ለአውቶቡስ ጣቢያ ተሸካሞች ያስሸጠው ነበር። የአንዷን ጨው የሌላዋ አልጫ ዋጠው። ያን ጊዜ ግን ጉዲቱ ይህን አታውቅም። የምታውቀው ይህ ሰው ቀነዓን በዓይኑ አለማየቱን ነው። እሱ ካላየው ታዲያ ቀነዓን ማን አየው? ስንቁስ ወደ ማን ገባ? ወንድሜ አለ ወይስ የለም? እጇ ላይ የቀረው ጥያቄ ይህ ብቻ ሆነ።

ለውዴ ብትነግራት ውዴ ጆሮዋን ደፈነች። ዶሮ አርዳ፣ በሠርጓ የተሰጣትን ጋቢ አጥባ፣ የገና ዋዜማ ልጇን አዝላ ወጣች። ጉዲቱም ተከተለቻት።

ከእስር ቤቱ ጀርባ አንድ ግራር አለ። ሰው የታሰረባቸው ሴቶች ስንቃቸውን ይዘው እዚያ ይሰበሰባሉ። አምባዬ ጆንያ ዘርግቶ ይቀበላል፤ ያን ቀን ጆንያው ላይ የተቆለለው ዶሮ ወጥ ሽታው ጾመኛ ይፈትን ነበር።

«አትስጡት!» አለች ጉዲቱ። «ይህ ሰው ሌባ ነው። የሚበላ ወጥ አይደለም የላክሁት፣ ጨው ነው። ‹ጣት ያስቆረጥማል አለ› ብሎ መጣልኝ!»

ሴቶቹ ስንቃቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። አምባዬ ግን ቀና ብሎ አያት፤ ምንም አልደነገጠም።

«ጨው ነው የላኩት?» አለ ቀስ ብሎ። «ለታሰረ ወንድምዎ? እናቴ፣ እዚያ ውስጥ እኮ ረሃብ ነው። ልጁ ጨውዎን በላው። ምን ያድርግ? የእህቱ እጅ ነው ብሎ በላ፣ ‹ጣፈጠኝ› ብላችሁ ንገሩልኝም አለ። እርስዎን ላለማስከፋት ነዋ!»

ጎረቤቷ ዘርፉ ናት ቀድማ የጮኸችው። ሁለት ወንዶች ልጆቿ ናቸው የታሰሩባት። «አንቺ የከሰል ድንጋይ! ሥጋሽን ጨው አበላሽው? የራስሽን ገለሽ ደግሞ የኔን ልትገድዪ መጣሽ?»

«ዘርፉ፣ ስሚኝ…»

«አልሰማሽም! ጥቁር ምላስ! ልጆቼ በልተዋል፣ ባዶ ሳህን ነው የሚመጣልኝ!»

ጉዲቱ ውዴን ዞራ ብታያት ውዴ ሸሸት አለች። ዓይኗ ውስጥ ያለው ጥላቻ ነው። ጋቢውንም ዶሮውንም ጆንያው ላይ አኖረች፣ በሁለት እጇ። ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል ይላሉ፤ አረፋውን ከእጁ የሚፈለቅቅ ሰው ግን ከውሃው ይልቅ ጠላት ይሆናል።

ጉዲቱን ስድቡ አልነበረም የገደላት። ቢበላውስ? የሚለው ነው። እውነት ቀነዓ እዚያ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የሷን ጨው እየዋጠ ቢሆንስ?  ይህን ይዞ ገና አይዋልም። ግንቡን ይዛ ዞረች፣ ወደ ፊተኛው በር፣ ማንም ወደማይጠይቅበት።

ዘበኛው ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ጥርሱን ይፍቃል። «ምንድነሽ አንቺ ሴትዮ?»

«ወንድሜን ልጠይቅ ነው። ቀነዓ ፉፋ ይባላል።»

«አይጠየቅም ተብሏል።»

«ካልነገራችሁኝ አልሄድም።»

«ልጨምርሽ?»

«ጨምረኝ። እሱ ያለበት ጨምረኝ።»

ሰውየው አያት። ወይ ሰለቸው ወይ እናቱ ትዝ አለችው፣ እግዜር ይወቅ። ገብቶ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ ነው።

«በጥቅምት ወጥቷል።»

«የት ወጣ?»

«ወጥቷል አልኩሽ። ስንቅ አያስፈልገውም። ሂጂ፣ እንዳታለቅሺም፤ እዚህ ማልቀስ ክልክል ነው።»

በጥቅምት። አምባዬ የመጀመሪያዋን ሳህን ከመቀበሉ በፊት ማለት ነው። ጨውዋን አልበላም። ለአፍታ «ተመስገን» አለች በልቧ፤ ወዲያው «አፈር ልብላ» ብላ በራሷ ደነገጠች።

ቤት ገብታ ለውዴ ዘበኛው ያለውን ቃል በቃል ነገረቻት። ውዴ ጡቷን ከሕፃኗ አፍ ሳታወጣ «አምባዬ ትናንት አይቶታል» አለች።

«አላየውም፣ ኢንታላ ኮ። ልጄ፣ አላየውም።»

«ዘበኛው ይዋሻል። እነሱ መቼ እውነት ተናግረው ያውቃሉ? አንቺ ዘበኛ ታምኛለሽ፣ እትዬ?»

እውነትም ዘበኛ አይታመንም። «እሺ» አለች ጉዲቱ። «እኔን አታምኚኝ። ዘበኛውንም አታምኚው። አምባዬን ጠይቂው። ግን የምታውቂውን አታጉርሺው። ‹ሳል አለው ወይ› አትበይ፤ ‹ምን ያመዋል› በይው። ካንቺና ከቀነዓ በቀር ማንም የማያውቀውን ጠይቂውና አፍሽን ዝጊ። ሌላ አልልሽም።»

የገና ዕለት ከቤቱ ውስጥ ዶሮም ድፎም የለም፤ የነበረው ጆንያ ላይ ሄዷል። ከሰዓት በኋላ አምባዬ ባዶውን ሳህን ይዞ መጣ። ጢሙን ተላጭቷል፣ ፊቱ ጠግቦ ያበራል። ‹እንኳን አደረሳችሁ› ብሏል፣ ዶሮዋን እስከ አጥንቷ ጨርሷታል፣ አለ።

ውዴ ሳህኑን ተቀበለች። «አንድ ነገር ጠይቅልኝ» አለችው። «የወሰዱት ዕለት ከበሩ ሲወጣ ምን ብሎኝ ነበር?»

አምባዬ ጠበቃት፤ እንደወትሮው ትጨምራለች ብሎ። አልጨመረችም። ጉዲቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ እጇን እጇ ላይ ትጨብጣለች።

«ይህማ የሁለታችሁ ነገር ነው… ቃል ነው? አደራ ነገር?»

«እሱን ጠይቀው» አለች ውዴ።

በማግስቱ ፈገግ እያለ መጣ። ሳይቀመጥ ጀመረ። «ጠየቅሁት! ጭንቅላቱን ይዞ አለቀሰ። ‹ልጄን አደራ፣ ጠብቂኝ፣ እመለሳለሁ ነው ያልኳት› አለ። ለጥምቀትም ጫማ ቢገኝልኝ…»

ውዴ ቀና ብላ አየችው። 

«ያን ዕለት አፉን በጨርቅ ጠቅጥቀውት ነበር» አለች። «ሊናገር ታገለ፣ ታገለ፤ አንድ ቃል አልወጣውም። እኔም ምን ሊለኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ካንተ እሰማለሁ ብዬ ነው የጠበቅሁት።»

አምባዬ ካፖርቱን ሰብስቦ ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋውም።

ጉዲቱ ተነስታ ዘጋችው፤ የሚመጣው ለቅሶ ወደ ውጭ እንዳይወጣ። ሕፃኗን ከውዴ ክንድ ተቀበለች። ውዴ ነጠላዋን አጣጥፋ አፏ ውስጥ ከተተችና ወለሉ ላይ ተደፋች። ጀርባዋ ይነሳል ይወድቃል፤ ድምፅ የለም። የቀበሌው ሰው ከመንገድ ማዶ ነው፣ ማልቀስም ያስይዛል። ጉዲቱም ሕፃኗን እያወዛወዘች ከንፈሯን ነክሳ ወንድሟን አለቀሰች፣ ውጭ በዓል የዋሉ ሰዎች እየዘፈኑ ሲያልፉ።

ቆይቶ ከወዲያኛው አጥር የአምባዬ ድምፅ መጣ፣ ያው ለስላሳው። «እናት ዓለም፣ ሁለቱም ደህና ናቸው!» ዘርፉ በእልልታ ስትቀበለው ይሰማል።

ውዴ ነጠላውን ከአፏ አወጣች። «ሂጂ፣ እትዬ» አለች። «ንገሪያት።»

«ትሰድበኛለች።»

«ትስደብሽ።»

«ልጆቿ ሊኖሩም ይችላሉ እኮ። አላውቅም።»

«እንግዲያው በፊተኛው በር ትጠይቅ። ሂጂና አብረሻት ቁሚ።»

ጉዲቱ ሕፃኗን መልሳ አስታቀፈቻትና ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።